ስሟ እስኪጠራ



ባለፈው ታኅሣሥ ለሁለት ሳምንት ያህል ከገጹ ጠፍቼ ነበር። በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ደህና ነህ ወይ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ያኔ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ግን ልንገራችሁ፤ ባለጉዳይዋ አክስቴም ፈቅዳልኛለች። "ስሜንና ዕድሜዬን ካልጻፍክ ጻፈው፣ ለሰው ይጠቅማል" ነው ያለችኝ። ስለዚህ ስሟን ትቼ፣ እኛ ልጆች እንደምንጠራት፣ እቴቴ እላታለሁ። ዕድሜዋ ከስልሳ አልፏል ብል ግን የምትቀየመኝ አይመስለኝም።

እቴቴ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ትሸጣለች። ብቻዋን ያሳደገቻት አንድ ልጅ አለቻት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ሚጣ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ስምንት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባች፤ ከዚያ ኮሌጅ ፓርክ ወደሚገኘው ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ከትምህርቱ ጎን ለጎን በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ አንዳንዴም ሌሊት ሌሊት ትሠራ ስለነበር አንድ ሴሚስተር ተጓተተባት። እዚያ አገር ዋናው ምርቃት በግንቦት ነው። በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሚጀምረው ሴሚስተር የሚጨርሱት ደግሞ በፈረንጆቹ ዲሴምበር፣ ከገናቸው በፊት፣ በክረምቱ ምርቃት ይመረቃሉ። የእነሱ ክረምት ማለቴ ነው፤ ዝናብ ሳይሆን ብርድ።

ሚጣ በዚህ ታፍር ነበር። "የተንጠባጠብን ሰዎች ምርቃት ነው፣ ባትመጡም ግድ የለም" ትለን ነበር በስልክ። እቴቴ ግን ለአንድ የሀገር ልብስ ነጋዴ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠውን የጥምቀት ገበያ ትታ፣ ሱቋን ለእህቷ ልጅ አስረክባ፣ በሁለተኛው ሙከራ ያገኘችውን ቪዛ ይዛ ሄደች። እኔ የተራ ሥራ ነበረብኝና ከእሷ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን፣ የምርቃቱ ዋዜማ ማታ ደረስኩ።

ጠዋት ላይ ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ነበር። ቡና ይፈላል፣ የሚጣ ጥቁር ካባ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ጓደኞቿ ፀጉር ይሠራራሉ። እቴቴ ለዚህ ቀን ብላ የገዛችው ጫማ በግራ እግሯ አልገባ አለ። ሚጣ የራሷን ሰፋ ያለ ስኒከር አመጣችላት፤ እሱም ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ነው የገባው። ባለ ጥለት የሀበሻ ቀሚስ በስኒከር! ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

"እግርሽ ምን ሆነ?" አልኳት።

"ብርዱ ነው፤ አውሮፕላኑም ነው። ሁሉም ሰው ያብጣል አሉኝ። ማታ ማታ ሚጣ በቪክስ እያሸችኝ ተሽሎኛል።"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። አንዲት እናት ክሊኒኬ መጥታ "ረጅም በረራ ነበረኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ እግሬ አበጠ" ብትለኝ ንግግሯን ሳትጨርስ ሁለቱንም እግሮቿን ገልጬ ነበር የማየው። ያን ጠዋት ግን የእቴቴን ካልሲ ዝቅ አላደረግኩም። መኪናው ተነስቷል፣ ልጆቹ ይጣሩ ነበር። "ሐኪም ለቤተሰቡ አይሆንም" ሲባል ትሰማላችሁ። የእኔ ነገር ግን ከዚያም ያነሰ ነው፤ ቀኑን ማበላሸት አልፈለግኩም፣ በቃ።

ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቴስቱዶ የሚሉት የነሐስ ኤሊ አለ፤ ኤሊ የዩኒቨርሲቲው ምልክት ነው። ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ለዕድል ብለው አፍንጫውን ስለሚያሹት አፍንጫው ብቻ ያብለጨልጫል። ሚጣ ካባዋን ለብሳ ኤሊውን አቅፋ ተነሳች፤ ከዚያ እናቷን ጠራች። እቴቴ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ኤሊው ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ ቆማ ነው የደረሰችው። በየመቆሚያው ሕንፃዎቹን እያየች "ይሄስ ምንድን ነው?" ትላለች። አገር ለማየት የቆመች መስሎን ሚጣ እየተደሰተች ታስረዳታለች። ዛሬ ፎቶውን ሳየው እቴቴ አፏን ከፈት አድርጋ ነው የምትስቀው። ሳቅ አልነበረም፤ ትንፋሽ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ መቀመጫችን ከላይ በኩል ነበር። ደረጃውን እንደወጣን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅታት አየሁ። "ውሃ..." አለችና ተነፈሰች፤ "...አለህ?" አለች። ያን ጊዜ ነው ሐኪሙ የነቃው። አንጓዋን ይዤ በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 118። ተቀምጣ ነው እንግዲህ።

"ስትተነፍሺ የሚያምሽ ቦታ አለ?"

"ጎኔን ትንሽ ይወጋኛል። ከማታ ጀምሮ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገ ምርቃቷ ነው ብዬ ነዋ!"

"ተነሺ፣ እንሂድ" አልኳት። እጇን ከእጄ አስለቀቀች። "ስሟን ሳልሰማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ስምንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ደግሞስ ሐኪም ቤት ብትወስደኝ ዕዳው የማን ነው? የእሷ አይደል?"

የተሰጠንን ወረቀት ገለጥኩ። የሚጣ ስም ከመሐል ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ሃያ ደቂቃ ገመትኩ። ተስማማሁ። ማስገደድ አልሆነልኝም ልላችሁ እችል ነበር፣ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። እኔም ስሟን እንድትሰማ ፈልጌ ነበር። እኔ ስድስት ኪሎ በሐምሌ ዝናብ ስመረቅ ካባዬ እንዳይበሰብስ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ የጣለችው ይህችው እቴቴ ናት።

ወላጆች ሆይ፣ ይህንን እንደ ጥሩ ምሳሌ እንዳትወስዱብኝ አደራ። ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋት ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች አንጓዋን ይዤ ነው ያሳለፍኳቸው፤ ስልኬ በሌላው እጄ ነበር፣ ግን አልደወልኩም። ቢያንስ እዚያው ሆኜ አምቡላንስ ልጠራ እችል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

የሚጣ ስም ሲጠራ አስተዋዋቂው እንደ ፈረንጅ አድርጎ ስለጠራው እቴቴ አልለየችውም። "እሷ ናት!" አልኳት። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እልልታዋን ጀመረች፤ መሐል ላይ ትንፋሿ ከዳትና ተቆረጠ። ከኋላችን የነበሩ የማናውቃቸው አንዲት እናት ተቀብለው ጨረሱላት። እኚያ እናት ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

ከዚያ በኋላ 911 ደወልኩ።

ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ነርሷ ሜትር አውጥታ ሁለቱን ባቶች ለካች። የግራው በ4 ሴንቲሜትር ይበልጣል። የእግሩ አልትራሳውንድ ከጉልበት በላይ የሚደርስ የረጋ ደም አሳየ፤ የደረቷ ሲቲ ስካን ደግሞ ከዚያው የተቆረሱ ቁርጥራጮች በሁለቱም ሳንባዎቿ ውስጥ እንዳሉ አሳየ። ሐኪሟ "እብጠቱን መቼ ነው ያየኸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጠዋት" አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ባትመልስ ነው የሚሻለው።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚሄደው። የሚገፋውም በዋናነት የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ ይጨመቃል፣ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ለረጅም ሰዓት ሳንንቀሳቀስ ስንቀመጥ ደሙ ጥልቅ በሆኑት የእግር ደም መልሶች ውስጥ ይዘገያል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም ይረጋል። የረጋው ደም ባለበት ቢቀር እግር ያሳብጣል። ተቆርሶ ከሄደ ግን በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ላይ ይቀረቀራል። በረራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአውቶቡስም በመኪናም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አትደንግጡ፤ ሳይንቀሳቀሱ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጠው ከሚጓዙ 6,000 ሰዎች መካከል የሚያጋጥመው አንዱን ያህል ነው። እቴቴ ግን አንዷ ሆነች፤ ለምን እንደሆነች የገባኝ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስለ በረራው ስጠይቃት ነው።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ነው። እቴቴ የተቀመጠችው መስኮት ጥግ ነው። አጠገቧ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል። "እንዴት ብዬ ነው የተኛ ሰው የምቀሰቅሰው? ነውር አይደለም?" አለችኝ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውሃ አልጠጣችም። የገና ጾም ስለገባ የቀረበላትንም ምግብ አልነካችም። በመሠረቱ ውሃ አለመጠጣት ብቻውን ደም ያረጋል ለማለት ማስረጃው ጠንካራ አይደለም፤ ግን ውሃ የማይጠጣ ሰው አይነሳም፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ እቴቴ አጭር ናት። እግሯ ወለሉን በደንብ አይነካም፤ የወንበሩ ጠርዝ ጉልበቷን ከኋላ ሲጫናት ነው ያደረው። ያ ጥናት ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ60 በታች የሆኑና ከ1 ሜትር ከ90 በላይ የሆኑ ሰዎች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው፣ የእግር ደም ሥሮቿም ከድሮ ጀምሮ የተገታተሩ ናቸው።

እንግዲህ ከእናንተ ውስጥ ወላጆቻችሁን ለምርቃት፣ ለሠርግ ወይም ልጅ ወልዳችሁ ሊያርሷችሁ የምታስመጡ አላችሁ። ቲኬት ስትቆርጡ ከመስኮቱ ይልቅ የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ያዙላቸው። "በየሰዓቱ ተነሱ" ብቻ አትበሏቸው፤ የተኛ ሰው መቀስቀስ ነውር እንዳልሆነም ንገሯቸው። የእኛ እናቶች ችግር አለማወቅ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝና ጣታቸውን እያፈራረቁ ማንሳትና መጣል ባቱን ያሠራዋል። እስከ ጉልበት የሚደርሰው ጥብቅ የጉዞ ካልሲም ይረዳል፤ የስኳር ሕመም ወይም የእግር ደም ሥር መጥበብ ላለባቸው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። "አስፕሪን ውጠው ይሳፈሩ ወይ?" ብላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ፤ ለዚህ ጉዳይ ብሎ አስፕሪን መዋጥ አይመከርም። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ካንሰር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ፣ ከዚህ ቀደም ደም የረጋባቸው ሰዎች ከጉዞ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ለአንዳንዶቹ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል።

ከበረራ በኋላ ሁለቱም እግሮች እኩል ቢያብጡ፣ ሳያም ከሆነና በአንድ ሁለት ቀን እየተራመዱ ከጎደለ፣ ብዙ ጊዜ አያሳስብም። አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ባቱ ሲወጠርና ሲያም፣ ከሌላው ይልቅ ሲሞቅ ግን ያው ቀን ይታይ። መጻሕፍቱ "ይቀላል" ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። በእጃችሁ ጀርባ ሁለቱንም እየዳሰሳችሁ ሙቀቱን አነጻጽሩ። ይህ ከጉዞው ሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ወይም ጎን ከወጋ፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ አምቡላንስ ጥሩ፤ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

ስለ ማሸት አንድ ነገር። በአንድ ወገን ያበጠን እግር በቪክስም፣ በቅቤም፣ በቅባትም አትሹ፤ ወጌሻ ጋም አትውሰዱ። ደም ረግቶበት ከሆነ እሽታው ሊቆርሰውና ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ሚጣ ይህን ስትሰማ ከሁሉ የበለጠ ያለቀሰችው በዚህ ነው። የእናቷ የደም መርጋት በእሷ እሽታ ነው የተቆረሰው ማለት አይቻልም፤ ሳይነኩትም ይቆረሳል። ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። አሁንም ትጠይቀኛለች።

የዕዳውን ነገር ብዙዎቻችሁ ትፈሩታላችሁ፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ አለ፤ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ መክፈል ቻለም አልቻለም፣ የመጣውን ሰው የመመርመርና ከአደጋ ላይ ከሆነ የማረጋጋት ግዴታ አለባቸው። ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣል። ለእቴቴም መጣ፤ ሚጣ ወረቀቱን አይታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ የእርዳታ ማመልከቻ አስሞልታን ብዙው ቀነሰ፣ የቀረው በየወሩ ይከፈላል። ለጎብኚ የሚሸጥ የሕክምና መድን ከጉዞ በፊት ገዝተን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ለምርቃቱ ፎቶ ካወጣነው ጋር ሳወዳድረው አፍራለሁ። ደግሞ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው፤ ሆስፒታሉ በስልክም በቪዲዮም የአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ ጠይቁ። እቴቴ የጎኗን ውጋት ትክክለኛ መጠን የተናገረችው ሚጣ ከክፍሉ ስትወጣ ለማታውቀው አስተርጓሚ ነው።

ሚጣ አመሻሹ ላይ ካባዋን እንደለበሰች ነበር የመጣችው። ሃያ ደቂቃ እንደጠበቅን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ማን ጠብቁልኝ አላችሁ? ወረቀቱን በፖስታም ይልኩት ነበር እኮ!" አለችኝ። ከዚያ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። እቴቴ ግን ኦክሲጅኑ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ "እስቲ ዙሪልኝ" አለቻት። ሚጣ እያለቀሰች ዞረችላት። "ከኋላ ትንሽ ረዝሟል" አለች እቴቴ፤ ሙያ ነዋ።

ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ቢያንስ ለሦስት ወር እንድትወስድ ታዘዘላት። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ክትትሏን ጨርሳ፣ ሐኪሟ "መብረር ትችያለሽ" ካለቻት በኋላ፣ በየካቲት ተመለሰች። ቦሌ ልቀበላት ሄጄ ገና ከሩቅ ሳታየኝ እግሯን ነበር የማየው። ሁለቱም ጫማ ገብተውላታል።

"የዳሩን ወንበር ሰጡሽ?" አልኳት ሻንጣዋን እየተቀበልኩ።

"ሰጡኝ። ዘጠኝ ጊዜ ተነሳሁ። በስድስተኛው አጠገቤ ያለው ሰውዬ ምን ሆነው ነው ሲለኝ ነገርኩት፤ ከዚያ እሱም አብሮኝ ይነሳ ጀመር።"